ፓልሚናና የሰሙ ጠብታ

ፓልሚና ሥራ ላይ ስትሆን ትንፋሿን ትይዛለች። በቀኝ እጇ ወረንጦ፣ በግራዋ ስቴኪኒ ይዛ፣ ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጡ ሁለት ትራንዚስተሮችን ፊት ለፊት ገጥማ ታስቀምጣለች። በስቴኪኒው ጫፍ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነጭ ቅባት ትቀባቸዋለች። ከዚያ አንዲት ቀጭን ሬዚስተር በላያቸው ታጋድምና ሦስቱን አንድ ላይ በክር ጠምጥማ ታስራለች። ትርፉን ክር ሌሎቻችን ብንሆን በጥርሳችን እንበጥሰው ነበር፤ እሷ ግን በመቀስ ነው የምትቆርጠው። አፏን ካስጠጋች ትንፋሿ ያሞቃቸዋላ።

እንዲህ ሆና ነው የማስታውሳት። በጣሊያኗ ካስቴልፊዳርዶ ከተማ ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ይሠራ በነበረው ፋብሪካችን፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ካለው ጫፍ፣ ሰማያዊ ጋዋኗን እስከ አንገቷ ቆልፋ። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ ሽቦ እበይድ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ስሜ ኤሊዴ ነው፤ እሷ ግን ልጆች ወልጄ እንኳ «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ።

የዚያ ሥራ ነገሩ ሁሉ ሙቀት ነው። የሲንተሳይዘሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት እነዚያ ሁለት ትራንዚስተሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሙቀትም ብርድም አይችሉም። ሲሞቃቸው የላይኞቹ ኖታዎች ይወርዳሉ፣ ሲበርዳቸው ይወጣሉ። ሬዚስተሯ የተሠራችው ይህንን ለማካካስ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር እሷም አብራ እየተለወጠች ኖታዎቹን ወደ ቦታቸው ትመልሳለች። ይህን የምትችለው ግን እነሱ የሚሰማቸው ሙቀት ለእሷም ሲሰማት ብቻ ነው። ካቦአችን ናዛሬኖ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ «ሦስቱ በአንድ ብርድ ልብስ የሚተኙ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ከብርድ ልብሱ ከወጣ ቤቱ ሰላም የለውም» ይል ነበር። ሌላ ማብራሪያ ሰጥቶን አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ፓልሚና ለዚህ ቦታ የተመረጠችው እጇ ቀዝቃዛ ስለነበረ ነው። አንድ ጠዋት ናዛሬኖ ጠረጴዛውን እየዞረ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ። እሷ ጋ ሲደርስ ደንግጦ እጁን መነጨቀ።

«ምንድን ነው ይሄ? ከበረዶ ውስጥ ነው የወጣሽው?»

ፓልሚና ፊቷ ቀልቶ አቀረቀረች። ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ አፏ የማያርፈው ዲርቼ ጮኸች።

«ባሏን ጠይቀው እንጂ ካቦ! በሐምሌ ሙቀት ካልሲ አድርጎ የሚተኛው ለምን ይመስልሃል?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ፓልሚናም በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች። ናዛሬኖ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ «ይቺ እጅ ትራንዚስተር አታሞቅም። ነይ፣ ወደ መስኮቱ ተዘዋወሪ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው እዚያው ነበረች።

ከፋብሪካችን በፊት ከተማው የሚያውቀው አኮርዲዮንን ብቻ ነበር። የፓልሚና አባት እቤቱ ሆኖ የአኮርዲዮን ምላስ በሰም የሚያያይዝ ሰው ነበር። ምላስ የምንለው አየር ሲያገኘው እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን ቀጭን ብረት ነው። የንብ ሰም ከጥድ ሙጫ ጋር በትንሽ ድስት ይቀልጣል፣ ከዚያ በምላሱ ዙሪያ በቀጭኑ ይፈስሳል። ፓልሚና ማንኪያ መጨበጥ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ያንን ሰም ስታፈስ ነው ያደገችው። አባቷ ሲሞት የተወላት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ሰም ነበር። እቤቷ ስሄድ አንዳንዴ ክዳኑን ከፍታ ታስሸትተኛለች።

«አየሽ? እንዲህ ያለ ሰም ዛሬ የለም» ትለኛለች።

የአኮርዲዮን ገበያ ሲቀዘቅዝ ሠሪዎቹ ወደ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ዞሩ፣ ቀጥሎም ወደ ሲንተሳይዘር። እኛም አብረን ዞርን። ሰሙ ቀርቶ ነጩ ቅባት መጣ። ፓልሚና ቅባቱን በደንብ ትሠራበታለች እንጂ አትወደውም ነበር። ሽታ የለውም፣ ሽታ የሌለው ነገር ደግሞ ምኑ ይታመናል፣ ትል ነበር።

ባሏ ሴቲሚዮ በወጣትነቱ በባሕሩ ዳር ጭፈራዎች ላይ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። አንድ የወይራ ለቀማ ላይ ከመሰላል ወድቆ ግራ ትከሻው ተሰበረ። አጥንቱ ቢገጥምም ወናፉን የሚጎትትበት ጉልበት አልተመለሰለትም። አኮርዲዮኑን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ አልጋ ሥር አስገባውና ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሲጠይቀው «ደህና ነኝ» ይላል። ሬዲዮ ላይ የቫልስ ዳንስ ሙዚቃ ሲጀምር ግን ተነስቶ ያጠፋዋል። ፓልሚና ከሥራ ስትመለስ ጠዋት ትታው በሄደችበት ወንበር ላይ፣ ፂሙን እንኳ ሳይላጭ ታገኘዋለች።

ሲንተሳይዘር ወናፍ የለውም፤ ጣት ይበቃዋል። ይህን ያሰበችው ፓልሚና ናት። ናዛሬኖን እያፈረች እያፈረች ለመነችው፤ እሱም ቀለሙ ተጭሮ ለገበያ የማይሆን አንድ ባዶ የሲንተሳይዘር ሣጥን ሰጣትና በምሳ ሰዓት ውስጡን እንድትገጣጥም ፈቀደላት። እኔም ብየዳውን ሠራሁላት። ትራንዚስተሮቹ ጋ ስትደርስ ቅባቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከጋዋኗ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የአባቷ ሰም ነበር።

«ለሱማ ይሄን ቀለም የመሰለ ነገር አላደርግለትም» አለችኝ በሹክሹክታ። በመበየጃዬ ጫፍ አቅልጣ ሦስቱን በሰም አለበሰቻቸው። ክር እንኳ አላሰረችም። ሰም የያዘውን ነገር ማን በክር ያስራል? እኔም ሳየው ደስ አለኝ። እኛ አገር ሰም ያልያዘው ሙዚቃ አናውቅም ነበር።

የብርዱን ወራት ማሽኑ ቅኝቱን ጠብቆ ከረመ። ሴቲሚዮ ጣቶቹን አላመደ፤ በጸደይ የድሮ ጓደኛው ፊዮሬንዞ ወደ ባንዱ መለሰው። ፊዮሬንዞ ራሱ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ባንዱንም የሚመራው እሱ ነው። ሴቲሚዮ ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ጀመረ። ከፓልሚና ጋር በሬዲዮው ጩኸት መጣላት ጀመረ። እሷ ይህንን ስትነግረኝ እንደ ምሥራች ነበር የምትነግረኝ።

ሙቀቱ በሚበረታበት በሐምሌ ነገሩ ተበላሸ። ጭፈራው ሲጀመር ሁሉም ደህና ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የማሽኑ የላይኞቹ ኖታዎች ቀስ እያሉ መውጣት ያዙ። አኮርዲዮን ደግሞ ቅኝቱን መድረክ ላይ አይለውጥም፤ ምላሱ ተሞርዶ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲጣሉ ጥፋተኛው የታወቀ ነው። በእረፍቱ ላይ ፊዮሬንዞ ሁሉም እየሰማ፣

«ሴቲሚዮ፣ ማሽንህ ወዴት ነው? እኛ ባሕሩ ዳር ቆመናል፣ እሱ ኮኔሮ ተራራን እየወጣ ነው» አለው።

በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ፊዮሬንዞ አልቀለደም። ለብቻው ጠርቶት፣ «ስማ፣ ወንድሜ ነህ። ግን የነሐሴ አጋማሽ በዓል ላይ ፖርቶ ሬካናቲ ሙሉ አገር ነው የሚመጣው። እዚያም እንዲህ ከሆነ የወንድሜን ልጅ ከነኦርጋኑ በቦታህ እተካለሁ። ጆሮህ ሳይደክም አልቀረም» አለው።

በዚያው እሑድ በእንስላል የተጠበሰ ጥንቸል ይዤ እቤታቸው ሄድኩ። ሴቲሚዮ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። አልተላጨም።

«ጆሮዬ ነው» አለ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልስ።

«ማን አለህ?» አለች ፓልሚና።

«ሌላ ምን ይሆናል? በአንቺ እጅ አልፎ ተበላሽቶ የተመለሰ ማሽን አለ? ናዛሬኖ ራሱ የለም ብሎኛል። እንግዲህ አንቺ ካልተሳሳትሽ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገ ለፊዮሬንዞ ልጁን ውሰድ እለዋለሁ።»

ፓልሚና ወደ መኝታ ቤት ገብታ አኮርዲዮኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ አመጣችው። ሴቲሚዮ ፊቱን አዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ወናፉን ጎትቺ» አለችኝ። እኔ ጎተትኩ፣ እሷ አንድ የላይኛ ኖታ ተጫነች። «አንተም ይህንኑ ኖታ በማሽኑ ያዝልኝ።» እየተነጫነጨ ተነስቶ ያዘ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። ማሽኑን ሳናጠፋ ጥንቸሉን በላን። ከበላን በኋላ እንደገና አስያዘችን። አሁን ሁለቱ ድምፆች አይገጥሙም፤ በመካከላቸው እንደ ተሰበረ ጎማ የሚንገጫገጭ ነገር ይሰማል።

«ይሰማሃል?» አለችው።

«ይሰማኛል።»

«ኤሊዴ፣ ላንቺስ?»

«እንዴት አይሰማኝ!» አልኩ።

«እንግዲያው ጆሮህ አይደለም» አለችና ካቻቢቴ አነሣች።

ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን ስታነሣ መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የሞቀ የንብ ሰምና የጥድ ሙጫ። ወጥ ቤቱ በአንድ ጊዜ የአባቷ ቤት ሆነ፤ ትንሿ ድስት፣ ማንኪያው፣ በብረት ብናኝ የጠቆረው ጠረጴዛ ሁሉ ታየኝ። ፓልሚና ክዳኑን እንደያዘች ቀረች። ሰሙ ፈስሶ ወርዷል። ሬዚስተሯ ከትራንዚስተሮቹ ላይ ተንሸራትታ፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚቀበለውና ሁልጊዜ ወደሚግለው ትራንስፎርመር ዘንበል ብላለች። የእሱን ሙቀት የነሱ እየመሰላት ነበር ኖታዎቹን ወደ ላይ ስትገፋ የከረመችው። ሥራ ላይ በቆየ መጠን ትራንስፎርመሩ ይግላል፤ ኖታዎቹም ይወጣሉ።

ፓልሚና ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ሴቲሚዮ፣ ከጭፈራው በፊት ምሳ ስትበሉ ማሽኑን የት ነው የምታደርገው?»

«መኪና ውስጥ።»

«ጥላ ሥር?»

«ባሕሩ ዳር ላይ የምን ጥላ አለ?»

«አኮርዲዮንህንስ እንዲህ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ትተኸው ታውቃለህ?»

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ሰሙ ይቀልጣል!» አለ ሴቲሚዮ። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀውን በመጠየቋ ተናደደ። «ይሄ ግን የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ሰም የለውም።»

ፓልሚና ጀርባዋን እንደሰጠችው ነበር፤ ከፈለገች ጠርጋ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ሽቦ ተነቅሎ ነው ልትለው ትችል ነበር። እሱ ያለችውን ሁሉ ያምናል። እኔም አልናገርም ነበር።

«አለው» አለች። «ሰም አለው። እኔ ነኝ ያደረግኩበት፣ የአባቴን።»

ሴቲሚዮ መጥቶ አጎንብሶ አየ። አሸተተ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እየሳቀ ነበር።

«ኤሊዴ፣ ሰማሽ? ጆሮዬ ደህና ነው! ኤሌክትሪክን በሰም! አምላኬ፣ ጆሮዬ ደህና ነው!»

ያለቀሰችው ፓልሚና ናት። «ከሁሉ አስበልጬ ልሥራልህ ብዬ፣ ከሁሉ የባሰውን ሠራሁልህ» እያለች ጋዋኗን የለበሰች ይመስል በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፤ እሑድ ስለነበር የለበሰችው ጋዋን ሳይሆን ቀሚሷ መሆኑ እንኳ ትዝ አላላትም። ሴቲሚዮ በደህናው እጁ አንገቷን አቀፋት።

«አንቺ ደግሞ! የአባትሽን ሰም ፀሐይ ላይ ያስቀለጥኩት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ።»

ሰኞ ጠዋት ለናዛሬኖ በሹክሹክታ ነገረችው። እሱም ከነጩ ቅባት በጠርሙስ ክዳን ቀንሶ ሰጣትና ለማንም እንደማይናገር ማለላት። ከምሳ በፊት ጠረጴዛው ሁሉ አውቆ ነበር።

«ፓልሚና!» አለች ዲርቼ፣ «የኔ ባል ደግሞ ጣፋጭ ይወዳል፣ ለሱ ማሽን ማር አድርጊበት!»

ለወራት ማር ሲሉ ከረሙ። ፓልሚና እየቀላች ሥራዋን ትሠራለች።

ያን ሰኞ ምሽት ሰሙን በአልኮል ጠርጋ፣ ቅባቱን ቀብታ፣ በክር አሰረች። ከዚያ ማሽኑ በደንብ እስኪሞቅ ጠበቁና መቃኘት ጀመሩ። የኖታዎቹን ርቀት የምታስተካክል ከምስር የማትበልጥ ብሎን አለች፤ ፓልሚና ብሎኗን ታዞራለች፣ ሴቲሚዮ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እኔ እንደገና ወናፍ ጎታች ነበርኩ።

«ትንሽ። ትንሽ ጨምሪ። አለፍሽ፣ መልሺ... ኧረ ቀስ፣ ጎማ አይደለም የምታስሪው! እዚያ! እዚያ ጋ! አትንኪው!»

እጇን አነሣች። ፋብሪካ ውስጥ የተቃኘች ብሎን እንዳትነቃነቅ ቀይ ቀለም እናንጠባጥብባት ነበር። ፓልሚና ቀይ ቀለም አልነበራትም። የብስኩቱን ቆርቆሮ አወረደች፣ ማንኪያ ጫፍ ላይ ሰም አቀለጠችና በብሎኗ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ ጣለች።

«እዚህ ጋ ማንንም አይጎዳም» አለች።

በበዓሉ ቀን ፖርቶ ሬካናቲ ሄድኩ። ሴቲሚዮ ምሳ ሲበላ ማሽኑን ጠረጴዛ ሥር አስገብቶ እርጥብ ፎጣ ደርቦበት ነበር፤ አስተናጋጁ እግሩ በማሽኑ ገመድ ተጠልፎ ሲሰድበው ሰምቻለሁ። ጀምበር ስትጠልቅ ጭፈራው ተጀመረ። ፓልሚና ከኋላ ከእኔ ጋር ቆማ፣ በዚያ ሙቀት የቀዘቀዘ እጇን እጄ ውስጥ አስገብታ፣ ትንፋሿን ይዛ ሰማች። አንድ ቫልስ አለፈ፣ ማዙርካ አለፈ፣ ጨዋታው ሁሉ አልቆ ሰው አቧራውን ከጫማው ማራገፍ እስኪጀምር ድረስ አኮርዲዮኑና ማሽኑ አንድ ነበሩ። ፊዮሬንዞ አኮርዲዮኑን ከትከሻው እያወረደ፣

«እና ሴቲሚዮ፣ ተራራው ቀረ?» አለው።

«ሚስቴ ጎትታ አወረደችኝ» አለ ሴቲሚዮ።

ጣቶቹ እስኪደክሙ ድረስ፣ ለብዙ ዓመታት፣ ከዚያ ባንድ አልወጣም።

ፋብሪካችን ግን እሱን ያህል አልቆየም። ሙቀትና ብርድ የማይሰማቸው አዳዲስ ማሽኖች ከጃፓን መጡ፤ የፓልሚናን ቦታ የሚፈልግ ሥራ አልነበራቸውም። በመጨረሻው ቀን ወረንጦዋን ጠርጋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችና፣ ተመልሳ አውጥታ ኪሷ ከተተችው። ናዛሬኖ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እኔ አሁን ያ ጠረጴዛ ሲናፍቀኝ የሚናፍቀኝ ሥራው አይደለም፤ ዲርቼ እየለፈለፈች፣ የቀለጠው የብየዳ ቆርቆሮ እየሸተተ፣ ከአጠገቤ ደግሞ ያ የተያዘ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ የምሰማው ድምፅ ነው።

ሴቲሚዮ አንድ የካቲት ላይ ሞተ። ማሽኑ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ፓልሚና መጫወት አትችልም፤ ከሰዓት በኋላ ታበራውና አንድ ኖታ ተጭና ታዳምጣለች። ቅባቱ በዕድሜ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበርና የላይኞቹ ኖታዎች እንደገና መውጣት ጀመሩ። ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም ሬካናቲ ያለ አንድ የድሮ ማሽን የሚጠግን ሰው ጋ ስልክ ደወልኩላት። ሰውየው ጨዋ ነው። ቅባቱን አድሶ፣ እንደገና ቃኝቶ እንደሚመልሰው ነገረኝ።

«ያቺን ሰም የጣልኩባትን ብሎን ሳይነካ አይሆንም ወይ በይልኝ» አለችኝ ከጎኔ ቆማ።

ጠየቅኩት።

«አይሆንም ሲኞራ» አለኝ። «የተቃኘችበትን ቦታ ካልለቀቀች እንዴት እቃኘዋለሁ?»

ነገርኳት። «ልክ ነው» አለች፤ ልክ መሆኑን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ሐሙስ ሬካናቲ የገበያ ቀን ስለነበረ በዚያው እወስደዋለሁ አለች።

ሐሙስ ዘነበ። በሌላው ሐሙስ ጉልበቷን አመማት። አንድ ሐሙስ አውቶቡሱ ቀድሟት ሄደ፤ እኔ ከመስኮቴ ስመለከት ግን አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆሞ ነበር። ስሄድ ብርድ ልብሱ አንዳንዴ ተፈትቶ አገኘዋለሁ፤ እንደገና አጥብቃ ታስረዋለች፣ እኔም አልጠይቃትም።

ባለፈው ኅዳር ካረፈች በኋላ ከእህቷ ልጅ ጋር ቤቱን ልናጸዳ ገባን። ማሽኑ በሩ አጠገብ ብርድ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። በገመዱ ሥር የሬካናቲ አውቶቡስ ቲኬት ተሰክቷል፤ የመሳፈሪያ ማኅተም አልተመታበትም።